ከቁርጥራጭ ብረት ስለ ሠራነው የብየዳ ማሽን ጋሪ

(የሰፈራችን ማኅበር የሥራ መሣሪያ ኮሚቴ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያሰማው ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲነበብ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ትልቅ ጉዳይ አይመስልም፤ ስለ አንድ ጋሪ ነው። ስትገቡ በሩ አጠገብ ቆሞ ያያችሁት፣ ሁለት ጎማ ያለው፣ ቀይ የተቀባው ጋሪ። አንዳንዶቻችሁ «ይኼ ደግሞ የምን ጋሪ ነው?» ስትባባሉ ሰምተናል። የማኅበራችንን የብየዳ ማሽን የሚሸከም ጋሪ ነው። ለምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ሳንሠራው በመቆየታችንም ምን እንደ ደረሰ በቅደም ተከተል እንነግራችኋለን።

ከደረሰው እንጀምር፤ ጥፋቱ የኛ ነውና።

እንደምታውቁት ማኅበራችን የብየዳ ማሽን የገዛው የእድሩን የድንኳን ቋሚዎች፣ አግዳሚ ወንበሮችና ቃሬዛ ለማደስ ነው። ኋላም የየቤቱ የግቢ በር፣ የመስኮት ብረትና የልጆች አልጋ ተጨመረበት። ማሽኑ የድሮው ዓይነት ነው፤ ውስጡ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር ስላለ ይከብዳል። በሚዛን አስቀምጠን 65 ኪሎ አግኝተነዋል። ገመዱ፣ ማሳው፣ መዶሻውና ሌላው ዕቃ ሲጨመር 90 ኪሎ ይሆናል። ኩንታል ሊሞላ የቀረው 10 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ዕቃ ሦስት ዓመት ሙሉ በምን ስናንቀሳቅሰው ቆየን? በሰው ትከሻ። በገመድ አሥረን፣ የባሕር ዛፍ አጣና አሾልከን፣ አንድ ጎረምሳ ከፊት አንድ ከኋላ ሆነው ይሸከሙት ነበር። አንድ ጋሼ የምንላቸው አባት በስብሰባ ላይ ተነሥተው «ለዚህ ዕቃ ጋሪ ይሠራለት፤ አንድ ቀን ሰው ይጎዳል» ብለው ነበር። ንግግራቸው በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል። እኛ ግን «ወጣት ሞልቶ ሳለ ምን ጋሪ ያስፈልጋል» ብለን አለፍነው።

ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የአንዲት እናት የግቢ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ልንበይድላቸው እንሄዳለን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ኮብልስቶኑ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቦዩን ሲሻገሩ የኋለኛውን ልጅ አዳለጠው። አጣናው ከትከሻው ወጣና ማሽኑ ቀኝ እግሩ ላይ ዐረፈ። ሁለት የእግሩ ጣቶችና ከነሱ በላይ ያለው አጥንት ተሰበሩ።

ይህ ልጅ የቀን ሥራ ሠርቶ እናቱን የሚጦር ነው። ሦስት ወር ቤት ዋለ። ማኅበሩ የሕክምናውን ወጪ ችሏል፤ የቀረበትን የሦስት ወር ገቢ ግን እስከ ዛሬ አልተካንለትም። ስሜን አትጥሩ ስላለን አንጠራውም። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። በንግግራችን መጨረሻ ወደ እሱ ጉዳይ እንመለሳለን።

ጋሪውን ገዝተን ለምን አልገላገልን? የሚል ይኖራል። በየሱቁ ያለው ጋሪ ሲሚንቶና አሸዋ ለመግፋት የተሠራ ነው፤ ማሽን ሲጫንበት ይገለበጣል፣ ገመድ የሚጠቀለልበትም የለውም። ደግሞስ በየጓሮአችን ስንት ብረት ተኝቷል? ጧት ጧት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰው ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት የመጣ ነው። ከኛ በር የሚወስደው ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያ ያሉ ባለሙያዎች ቀጥቅጠውና በይደው ምድጃና መጥበሻ ያደርጉታል። እኛም አንዳንዴ የራሳችንን ብረት መልሰን እንገዛለን! እንግዲህ ምናለሽ ተራ የሚሠራው አስኮ የማይሠራበት ምክንያት አልታየንም።

ከባድ ነገርን በጎማ ላይ ማንቀሳቀስ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር። ከ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ መጋቢት ድረስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዘው በጎማ ላይ ሆኖ፣ ገደል እየተናደና መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ መቶ ሰው እየተጎተተ ነው። አምሳያው ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል፤ ስታልፉ ከመድፉ ይልቅ ጎማዎቹን ተመልከቱ። የሠሪውን ክብር በተመለከተም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ዛሬም ልጁ በያጅ ልሁን ሲለው ፊቱን የሚያጠቁር ወላጅ ስላለ ነው ይህን ማንሳታችን። ለመማር የሚሻ ልጅ ካለ ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ከኛ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ለነዋሪው ቤት ለቤት ዞረን «የማትፈልጉት ብረት ካለ» ብለን ጠየቅን። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የብረት አልጋ ሰጡን። «ዝም ብሎ ከሚዝግ ለሰው ይጥቀም» ነው ያሉት። ከአንድ የተዘጋ ወፍጮ ቤት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ አገኘን። ግንበኞች ከጣሏቸው የአንድ ጎማ ጋሪዎች ሁለት ጎማ፣ ከተነቀለ የውሃ መስመር ደግሞ የአንድ ኢንች ቱቦ መጣ። ሞርሳ ያዋሰን፣ መጋዝ ያዋሰን ጎረቤትም ነበር።

ችግር የገጠመን እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት በሌሊት የሚያምር አንጎላሬ ይዞ መጣ። ቀጥ ያለ፣ ዚንክ የተቀባ፣ በእኩል ርቀት የቡሎን ቀዳዳ ያለው። ከአልጋው ብረት በእጅጉ ይበልጣል። ሆኖም እንዲህ ያለ ብረት በማንም ጓሮ አይበቅልም። የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ማማ የሚገጣጠመው በእንዲህ ዓይነቱ ነው። የማማ ብረት እየተፈታ በመሰረቁ ማማ የወደቀበትና መብራት የጠፋበት ጊዜ በአገራችን ተደጋግሞ ታይቷል። ወጣቱ «ከመንገድ ላይ ገዝቼው ነው» አለን። ይሁን። እኛ ግን አልተቀበልነውም፤ ብረቱ በማኅበሩ ሊቀ መንበር በኩል ለሚመለከተው ክፍል እንዲደርስ ተደረገ። በመብራት የሚሠራ ማሽን ከመብራት መስመር በተሰረቀ ብረት ላይ አስቀምጠን ብንዞር ምን እንባላለን? ከዚያን ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ብረት ከየት ቤት እንደ መጣ በደብተር ይጻፋል። ደብተሩን የያዘው እግሩ የተሰበረው ልጅ ነው፤ ቆሞ መሥራት ስላልቻለ ተቀምጦ እየጻፈ አብሮን ዋለ።

ሌላ አባት ደግሞ የቤንዚን በርሜል ይዘው መጡ፤ ተቆርጦ ወለል እንዲሆን። እሱንም አልነካነውም። ባዶ ነው የሚባል በርሜል ባዶ አይደለም። ውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል፤ ሲነካ ይፈነዳል። በውሃ ታጥቧል ብሎ መተማመንም ልክ አይደለም። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በቤታችሁ አትበይዱ፤ በመቁረጫ ድንጋይም አትቁረጡ።

ልኩን እንናገር፤ ለመሥራት የሚፈልግ ካለ ይጻፍ። የአልጋው ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው 190 ሴንቲ ሜትር ነበሩ፤ 40 በ40 ሚሊ የሆነ፣ 4 ሚሊ የሚወፍር አንጎላሬ። ከእያንዳንዱ 80፣ 40፣ 40 እና 30 ሴንቲ ቆረጥን። 190 ሞላ፤ መጋዙ የበላው ጥቂት ሚሊ ከእግሩ ላይ ተቀነሰ። 80ዎቹ የጋሪው ጎኖች ናቸው። ከአራቱ 40ዎች ሁለቱ ጫፍና ጫፍ፣ ሁለቱ በመሐል አግዳሚ ሆኑ። 30ዎቹ የኋላ እግሮች ናቸው። የሁለቱ ጎማዎች ስፋት ተጨምሮ ጠቅላላ ወርዱ 64 ሴንቲ ሆነ። ይህን ልክ የወሰንነው የሰፈራችንን የግቢ በሮች ዞረን ለክተን ነው፤ በበር የማይገባ ጋሪ ምን ያደርጋል?

ጎማን በተመለከተ አንዳንዱ «ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ አድርጉለት» ብሎን ነበር። ትንሽ ጎማ ለሱቅ ሊሾ ነው። በኮብልስቶን መገናኛ ውስጥ ይሰነቀራል፤ በጭቃማ ጊዜ ደግሞ ይሰምጣል። የኛ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲ ያህል ስለሆነ ትንሿን ጉድጓድ ሳያያት ያልፋል። ሁለት ጎማ ከፊት፣ ሁለት እግር ከኋላ፤ ሲገፋ እግሩ ይነሣል፣ ሲቆም በእግሩ ይረግጣል። ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት የእንጨት ሽብልቅ በሰንሰለት አንጠልጥለንለታል።

ዋናው ምስጢር ጎማው የሚገባበት ቦታ ነው። የጎማውን ዘንግ ከፊተኛው ጫፍ 25 ሴንቲ ገባ አድርገን ገጠምነው። የእጁ መያዣ ከዘንጉ 1 ሜትር ይርቃል። ማሽኑንና ዕቃውን ስናስቀምጥ የክብደቱ መሐል ከዘንጉ 10 ሴንቲ ብቻ ወደ ኋላ እንዲውል አደረግን። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 90 ኪሎ በ10 ሴንቲ ተባዝቶ ለ100 ሴንቲ ሲካፈል 9 ኪሎ ይሆናል። የሚገፋው ሰው በእጁ የሚያነሣው 9 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው፤ የቀረውን ጎማው ይችለዋል። ማሽኑ 40 ሴንቲ ወደ ኋላ ቢቀመጥ ኖሮ 36 ኪሎ ይሆን ነበር። አንድ ዕቃ፣ አንድ ጋሪ፤ ልዩነቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ጎማም እንደ ሃምሳ ሰው ነው።

መያዣው ከወለሉ 60 ሴንቲ ከፍ ይላል፣ 45 ሴንቲ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቱቦው 75 ሴንቲ ሆኖ ተቆረጠ። ወለሉ ከመሬት 30 ሴንቲ ስለሆነ መያዣው 90 ሴንቲ ላይ ይውላል፤ ለረጅሙም ለአጭሩም ይመቻል።

ስሕተታችንንም አንደብቅም። ሦስት ስሕተት ሠርተናል።

አንደኛ፤ ስንጀምር አንዱን ማዕዘን ሙሉ በሙሉ በይደን ጨርሰን ወደ ሌላው ሄድን። የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተር ጎኑን ሳበው፤ ጋሪያችን ከአራት ማዕዘን ይልቅ ገበቴ መሰለ። ፈታነው። ሁለተኛ ጊዜ አራቱንም ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ያዝን፤ በስኳድራ አየን፤ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለካን። 80 በ40 የሆነ ሳጥን ሰያፉ በሁለቱም በኩል 89 ሴንቲ ከ4 ሚሊ ገደማ መምጣት አለበት። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ገና ነው፣ በመዶሻ መታ እያደረጉ ማስተካከል ነው። ከዚያ በኋላ አንዱን ማዕዘን ጥቂት፣ ቀጥሎ በሰያፍ ያለውን ጥቂት እያልን በየተራ ጨረስን። ለአንጎላሬው 3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ100 እስከ 120 አምፔር፣ ለላሜራው ደግሞ 2.5 ሚሊ ከ70 እስከ 90 አምፔር ተጠቀምን። ቅርፊቱን ሳያራግፉ በላዩ መድገም የለም፤ ውስጡ አረፋ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፤ ለጎማው ዘንግ 20 ሚሊ ፌሮ አደረግን። ፌሮ ለኮንክሪት የተሠራ፣ ጥርስ ያለው ብረት ነው፤ ኩሽኔታው ላይ በልክ አይቀመጥም። በሁለት ቀን ጎማው ይወላገድ ጀመር። አውጥተን በለስላሳ ክብ ብረት ለወጥነው፤ ጫፍና ጫፉን ቀድተን ሮንዴላና ኮፒሊያ አስገባን። ያን ጊዜም ጎማው ሳይወልቅ ስንበይድ ማሳውን ሩቅ ስለ ያዝነው ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ አለፈና ኳሶቹን አበላሸው። ስለዚህ ኩሽኔታ አስቀድሞ ይወልቃል፤ ማሳ የሚበየደው ብረት ላይ፣ ከቦታው ቅርብ ይያዛል።

ሦስተኛ፤ የውሃ ቱቦው ዚንክ የተቀባ መሆኑን ረስተን በር ዘግተን በየድን። ማታ ከኛ አንዱን ብርድ ብርድ አለው፣ አተኮሰው፤ ወባ መስሎት ነበር። የዚንክ ጭስ ነው እንዲህ የሚያደርገው። «ወተት ጠጣ» አሉት፤ ወተት ግን ጭስን አይከለክልም። የሚከለክለው ንጹሕ አየር ነው፤ ዚንኩን ከሚበየድበት ቦታ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማንሣት፣ ሜዳ ላይ መበየድ፣ ነፋስ ከጀርባ ሳይሆን ከጎን እንዲመጣ አድርጎ መቆም።

ወለሉ ላይ ከማሽኑ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አነጠፍን፤ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፣ እርጥበትም ከታች እንዳይነካው ይጠብቃል። በጎን ለገመድ መጠቅለያ ሁለት መንጠቆ፣ ለፊት መከላከያው አንድ መንጠቆ፣ ለኤሌክትሮድ ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ለእሳት አንድ ባልዲ አሸዋ አለው። ኤሌክትሮድ እርጥበት ከያዘ ይንጣጣል፣ ብየዳውም ይቦረቦራል። በመጨረሻ የዝገት መከላከያውን ቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባነው። የቀለም፣ የኤሌክትሮድና የኩሽኔታ ወጪ ሒሳቡ በጸሓፊያችን እጅ ነው፤ ማንም አባል መጠየቅ ይችላል።

ሲያልቅ አምነን አልጫንበትም። 3 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 150 ኪሎ፣ ጭነን አሳደርነው። ጧት ስንለካው አልጎበጠም። ቀጥለን በ2 ከረጢት ያንኑ ቦይ፣ ልጁ የወደቀበትን ቦይ፣ 20 ጊዜ ተሻገርን። አንድ የብየዳ ነጥብ ላይ ስንጥቅ አየን፤ ፍቀን ደገምነው። ከዚያ ወዲያ ይኸው እየሠራ ነው።

ጋሪው ማሽኑን ወደ እያንዳንዱ ግቢ ያደርሰዋል፤ አደጋውንም አብሮ ያደርሳል። ስለዚህ እነዚህ ደንቦች በጋሪው ጎን ይለጠፉ ብለናል።

ስፒናው ሳይነቀል ጋሪው አይንቀሳቀስም።

በዝናብ፣ በረጠበ መሬት፣ በባዶ እግርና በሸበጥ አይበየድም።

ረጅሙ ገመድ በሥራ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፤ ተጠቅልሎ ከሠራ ይግላል፣ ይቀልጣል።

ልጆች ብርሃኑን እንዳያዩ ይከለላል። የብየዳ ብርሃን ዓይንን የሚያቃጥለው ያን ጊዜ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ሌሊት አሸዋ የገባ ይመስላል። የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ድንች መለጠፍ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የኦክስጅንና የአሲትሊን ሲሊንደር በዚህ ጋሪ አይጫንም። ሲሊንደር ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ የሚሄድበት የራሱ ጋሪ ይፈልጋል። ወድቆ አፉ ከተሰበረ እንደ ጥይት ይወረወራል።

እንግዲህ የመጨረሻው ጉዳይ። የሦስት ወሩን ገቢ እንተካልህ ብለን ልጁን አነጋግረነዋል። «ምጽዋት አልፈልግም» አለን። እኛም ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው አልነው። ሲያስቡበት የቆዩ አባቶች ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው፤ ማሽኑን በጋሪው ለሚዋስ ቤት ሁሉ ማኅበሩ የሚያስከፍለው ትንሽ ክፍያ፣ ልጁ በቀን ሥራ ያገኝ በነበረው ልክ ተሰልቶ የሦስቱ ወር ገቢ እስኪሞላ ድረስ በቅድሚያ ለእሱ ይሁን። የድንኳን፣ የቃሬዛና የአቅመ ደካማ ቤት ሥራ ግን እንደ ቀድሞው በነፃ ይቀጥላል። የጋሪውን መዝገብና ቁልፍም፣ እሱ ከፈቀደ፣ እሱ ይያዝ። ሐሳቡን ዛሬ ለድምፅ እናቀርባለን። የምትቃወሙ ካላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ የሚሻል መንገድ ካለም እንሰማለን። ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይሆንም። ዝም ብለን ያለፍንበትን ጊዜ አይተነዋል።

«ጋሪ ይሠራለት» ብለው የነበሩትን አባት እዚሁ ስላሉ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን። ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። ብረታችሁን፣ ጉልበታችሁንና መሣሪያችሁን ለሰጣችሁን ሁሉ፣ በተለይም አልጋቸውን ለሰጡን እናት፣ እግዜር ይስጥልን።

ጋሪ ለመሥራት የሚፈልግ ቤት ካለ በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ እናሳያለን። ብረታችሁን ይዛችሁ ኑ። ከየት እንደ መጣ ግን እንጠይቃችኋለን።